በስኳር በሽታ ምክንያት የሚያብጠው ሬቲና፦ ሕክምና አለው፤ ነገር ግን መደጋገም ይፈልጋል

ስኳር በሽታ ካለብዎ፣ ወይም በቤትዎ ውስጥ ስኳር ያለበት አባት፣ እናት ወይም አያት ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት እንጠይቃለን። ራሳቸው ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያንም ጮክ ብለው ቢያነቡላቸው ትልቅ ውለታ ይሆናል። የምንጽፈው ስኳር በሽታ በዓይን ውስጥ ስለሚያደርሰው አንድ ጉዳት ነው። ይህ ጉዳት አያምም፣ አያሳክክም፣ ዓይንንም አያቀላም። ሰውየው «ዓይኔ ደህና ነው» እያለ የዓይኑን ብርሃን ቀስ በቀስ ይወስድበታል።

ደግነቱ ዛሬ ይህ ጉዳት ሕክምና አለው። ነገር ግን ሕክምናው አንድ ጊዜ ተወግተው የሚገላገሉት ክትባት አይደለም። መርፌው የሚሠራው ሲደጋገም ነው። መድኃኒቱ በአጠገቡ እያለ ቀጠሮውን አቋርጦ ብርሃኑን የሚያጣ ሰው አለ። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ከነዚያ አንዱ እንዳይሆኑ ነው።

ስኳር በሽታና የአዲሱ አገር ኑሮ

በኢትዮጵያ ገጠር የሚኖር ሰው ገበያ ለመድረስ ብዙ ሰዓት በእግሩ ይጓዛል፤ ያርሳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል። ስኳር ደግሞ ውድ ስለሆነ ለእንግዳ ነበር የሚወጣው። እዚህ እስራኤል ከመጣን በኋላ ጉዞው በአውቶቡስ፣ ሥራውም በአብዛኛው በመቆም ወይም በመቀመጥ ሆነ። ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭ መጠጥና ኬክ በየቀኑ ከቤት አይጠፉም። እንጀራውም ቢሆን ብዙ ጊዜ በነጭ ዱቄት ይጋገራል።

ሰውነታችን ይህን ለውጥ በቀላሉ አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በመጡ ወጣት ዐዋቂዎች መካከል የስኳር በሽታ በብዛት መገኘቱን ገልጿል። ስለዚህ «ስኳር የሀብታምና የወፍራም ሰው በሽታ ነው» የሚለው አባባል አይሠራም። ቀጭን ሰውም ይይዘዋል።

ብዙ ሰው በሽታው እንዳለበት ሲነገረው ለጎረቤት ቀርቶ ለገዛ ልጆቹ እንኳ አይናገርም። አባቶቻችን ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በተለይ ዓይን ላይ ሲደርስ መደበቁ ዋጋው ከባድ ነው።

በዓይን ውስጥ ምን ይሆናል?

ዓይን እንደ ፎቶግራፍ ማንሻ ካሜራ ነው። ከፊት ለፊት ብርሃን የሚያስገባ መስኮት አለው፤ ከኋላ ደግሞ ሥዕሉን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ሬቲና ይባላል፤ በዕብራይስጥ «ሪሽቲት» ነው። በሬቲናው መካከል ማኩላ የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። ስፋቱ ከአንድ ምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ደብዳቤ የምናነበው፣ መርፌ ውስጥ ክር የምናስገባው፣ የልጅ ልጃችንን ፊት የምንለየው በዚህች ትንሽ ቦታ ነው።

ሬቲና በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉት። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእነዚህ የደም ሥሮች ግድግዳ ይጎዳል። አንዳንዶቹ ይዘጋሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ አሮጌ ጣሪያ ማፍሰስ ይጀምራሉ። ጣሪያው ሲያፈስ የጎጆው ግድግዳ ውኃ መጥጦ እንደሚያብጥ ሁሉ፣ ማኩላም የፈሰሰውን ፈሳሽ ይዞ ያብጣል። ያበጠ ማኩላ ጥርት ያለ ሥዕል መቀበል አይችልም። በዕብራይስጥ ሐኪሙ «ባጸቀት» ሲል ይህን እብጠት ማለቱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የደም ሥሮቹ ሲዘጉ ሬቲናው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ሲያጥረውም «አዲስ የደም ሥር ላኩልኝ» እንደ ማለት ያለ አንድ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህ ንጥረ ነገር ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ይባላል። ችግሩ የደም ሥሮቹን ይበልጥ እንዲያፈሱ ማድረጉ ነው። የኦክስጅን እጥረት ይህን ንጥረ ነገር እንደሚቀሰቅስ ካሳዩት ተመራማሪዎች መካከል በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤሊ ቀሼትና ባልደረቦቻቸው ይገኛሉ፤ ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዛሬ በዓይን ውስጥ የሚወጉት መድኃኒቶች የሚያግዱት ይህንኑ ንጥረ ነገር ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

በመጀመሪያ ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል። ከጊዜ በኋላ ግን የሚከተሉት ይታያሉ፦

— ፊት ለፊት የሚያዩት ነገር ይደበዝዛል፤ ዳር ዳሩ ግን ደህና ይታያል።
— የአውቶቡሱን ቁጥር ከሩቅ መለየት ያስቸግራል።
— ቀጥ ያለው የበር ጠርዝ ወይም የመታጠቢያ ቤቱ ሸክላ መስመር የተጣመመ ይመስላል።
— ቀለሞች የደበዘዙ፣ እንደ ታጠበ ልብስ የወየቡ ይሆናሉ።
— ምስር ወይም ሩዝ ሲለቅሙ ጠጠሩን ከፍሬው መለየት ያዳግታል።

ሁለት ዓይን ስላለን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ስለዚህ ዛሬውኑ በቤትዎ ይህን ያድርጉ። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ መነጽርዎን ያድርጉ። ቀኝ ዓይንዎን በእጅዎ ሸፍነው በግራው ብቻ የበሩን ጠርዝ ይመልከቱ። ቀጥሎ ግራውን ሸፍነው በቀኙ ይመልከቱ። ልዩነት ካለ ወይም መስመሩ ከተጣመመብዎ ቶሎ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። ምንም ልዩነት ባያገኙም ግን ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

ብዙ ሰው ዓይኑ ሲደበዝዝ «የዓይን ሞራ ይሆናል» ወይም «መነጽሬ አርጅቶ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ሞራ ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው፤ በቀዶ ጥገና ይወጣል። የምንናገርለት እብጠት ግን ከኋላ፣ በሬቲናው ላይ ነው። አዲስ መነጽር አያጠፋውም። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ስለሚችል የሚለየው ሐኪም ብቻ ነው።

ምርመራው እንዴት ነው?

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር፣ ማለትም በአብዛኛው በዐዋቂነት የሚመጣው፣ እንዳለበት የተነገረው ሰው ዓይኑን መመርመር ያለበት ወዲያውኑ ነው፤ ከዚያም በየዓመቱ። ምክንያቱም ሰውየው በሽታው መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት አልፈው ሊሆን ይችላል። በልጅነት የሚጀምረውና ከመጀመሪያው ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ምርመራው በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ይጀመራል። ስኳር ያለባት ሴት ስታረግዝ ደግሞ በእርግዝናዋ መጀመሪያ ዓይኗን መታየት አለባት፤ እርግዝና የዓይን ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላልና።

ሐኪሙ የዓይን ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርግልዎታል። ከዚያም በብርሃን ወደ ውስጥ ይመለከታል። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት ዓይንን ያደበዝዛል፣ ብርሃንም ያስፈራዋል። ስለዚህ በዚያ ቀን መኪና አይንዱ፤ የፀሐይ መነጽርና አብሮዎት የሚሄድ ሰው ይዘው ይሂዱ።

እብጠት ከተጠረጠረ ኦ.ሲ.ቲ. የሚባል ምርመራ ይታዘዛል። አገጭዎን መሣሪያው ላይ አሳርፈው አንድ ነጥብ ይመለከታሉ፤ መሣሪያው ዓይንዎን ሳይነካ በብርሃን ብቻ የሬቲናውን ንብርብር ፎቶግራፍ ያነሳል። አያምም፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። በሥዕሉ ላይ እብጠቱ ልክ ውኃ እንደ ቋጠረ ስፖንጅ ሆኖ ይታያል። ሐኪሙ ሥዕሉን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። መብትዎ ነው። ከመርፌው በፊትና በኋላ ያለውን ሥዕል ጎን ለጎን ያየ ሰው ሕክምናው ለምን እንደሚቀጥል በደንብ ይገባዋል።

ዋናው ሕክምና፦ በዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ

«በዓይን ውስጥ መርፌ» ሲባል የማይደነግጥ ሰው የለም። ስለዚህ የሚሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል እንግለጽ።

በቀጠሮው ቀን ዓይንዎን የሚያደነዝዝ ጠብታ ይደረግልዎታል። ዓይኑና ዙሪያው ጀርም በሚገድል አዮዲን ይታጠባል። ሽፋሽፍትዎ እንዳይከደን በትንሽ መያዣ ይያዛል። ሐኪሙ «ወደዚያ ተመልከት» ይልዎታል። መርፌው የሚገባው በብሌኑ ውስጥ አይደለም፤ ከጥቁሩ ክፍል 4 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ በነጩ ክፍል ነው። መርፌው እጅግ ቀጭን ነው፤ የሚገባው መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ማለትም አንዲት ጠብታ ያህል ነው። መወጋቱ ራሱ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። አብዛኛው ሰው የሚሰማው እንደ መጫን ያለ ስሜት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። በአዮዲኑ ምክንያት በዚያ ቀን ዓይን ሊቆረቁር፣ በነጩ ክፍል ላይም ቀይ የደም ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። ይህ አያስፈራም፤ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ዓይንዎን አይሹት። ለጥቂት ቀናትም ባሕር ወይም መዋኛ ገንዳ አይግቡ።

አደጋው ምንድን ነው? በጣም አልፎ አልፎ በዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል። የሚደርሰው ከብዙ ሺህ መርፌዎች በጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ ሲደርስ ግን በሰዓታት ውስጥ ሕክምና ይፈልጋል። ከመርፌው በኋላ በነበሩት ቀናት ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ዓይኑ እየቀላ ከመጣ፣ እይታው እየደበዘዘ ከሄደ ወይም ብርሃን ካስቸገረዎ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን፣ ሰንበትም ቢሆን፣ የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል («ሚዩን») ወዲያውኑ ይሂዱ። በድንገት ብዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መብረቅ ያለ ብልጭታ ወይም ጥቁር መጋረጃ ካዩም እንዲሁ ያድርጉ።

በቅርቡ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ደርሶብዎት ከሆነ፣ ወይም እርጉዝ ከሆኑ፣ ከመርፌው በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ስንት መርፌ ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ በዓይን ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል፤ ከዚያ ያልቃል። ስኳር በሽታው ግን አላለቀም፤ ስለዚህ ፈሳሹ ተመልሶ ይመጣል። በዚህም ምክንያት መጀመሪያ ላይ መርፌው በየወሩ ይሰጣል። እብጠቱ ሲቀንስ በመርፌዎቹ መካከል ያለው ጊዜ እየሰፋ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመና 660 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሦስት መድኃኒቶችን አወዳድሮ ነበር። ታካሚዎቹ በመጀመሪያው ዓመት በአማካኝ የተወጉት 9 ወይም 10 ጊዜ ነው። በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ 5 ወይም 6 ወርዷል። ውጤቱስ? በአንድ ዓመት ውስጥ በዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ በአማካኝ ከ10 እስከ 13 የሚደርሱ ተጨማሪ ፊደላትን ማንበብ ችለዋል። ይህም ማለት ሁለት መስመር ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ሁለት መስመር ማለት ለአንድ ሰው የአውቶቡስ ቁጥር ማንበብና አለማንበብ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተወግተው «ለውጥ የለም» ብለው አያቁሙ። ሦስት ጊዜ ተወግተው «አሁን ጥሩ አያለሁ» ብለውም አያቁሙ። ማቆሙን የሚወስነው የኦ.ሲ.ቲ. ሥዕሉን የሚያየው ሐኪም ነው። በቀጠሮው ቀን መሄድ የማይችሉ ከሆነ ቀጠሮውን አይተዉት፤ ደውለው በሌላ ቅርብ ቀን ያስለውጡት።

የትኛው መድኃኒት ነው የሚሻለው?

ስማቸውን በኩፓት ሆሊም የሚሰሙት መድኃኒቶች አቫስቲን፣ ሉሴንቲስ፣ አይሊያና ቫቢስሞ ናቸው። ሁሉም ቀደም ብለን የገለጽነውን ንጥረ ነገር ያግዳሉ፤ ቫቢስሞ በተጨማሪ ሌላ አንድ ንጥረ ነገርም ያግዳል። አቫስቲን መጀመሪያ ለካንሰር ሕክምና የተሠራ መድኃኒት ነው፤ በአነስተኛ መጠን ለዓይን ሲውል ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ይረክሳል። በዚህም የተነሳ በብዙ ቦታ ሕክምናው የሚጀመረው በእርሱ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ለእኛ ርካሹን ሰጡን» ብሎ ያዝናል። እውነቱን በቁጥር እንየው። ከላይ በጠቀስነው የ2015 ጥናት እይታቸው ብዙም ያልተጎዳ ሰዎች ላይ በሦስቱ መድኃኒቶች መካከል ልዩነት አልታየም። እይታቸው 6/15 ወይም ከዚያ የባሰ በነበሩት ላይ ግን በመጀመሪያው ዓመት አይሊያ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ሌላ ጥናት በአቫስቲን ጀምረው፣ ካልበቃቸው ወደ አይሊያ የተዛወሩ ዓይኖች ከመጀመሪያው በአይሊያ ከታከሙት ጋር በሁለት ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። ነገር ግን በአቫስቲን ከጀመሩት 70 ከመቶው መድኃኒቱን መለወጥ አስፈልጓቸዋል። ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፦ በአቫስቲን መጀመር ችላ መባል አይደለም፤ ነገር ግን እብጠቱ ካልቀነሰ «መድኃኒቱ መለወጥ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቀጠሮ የዘለለ ሰው ግን መድኃኒቱ እንዳልሠራለት ማወቅ አይችልም።

ሌሎች ሕክምናዎች

ሌዘር፦ ከመርፌዎቹ በፊት ዋናው ሕክምና በሌዘር ጨረር የሚያፈሱትን የደም ሥሮች መድፈን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ታላቅ የአሜሪካ ጥናት ሌዘር እይታን በብዙ የማጣትን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን የጠፋውን ብርሃን የሚመልሰው ለጥቂቶች ነው። ዛሬም ቢሆን ለአንዳንድ ሰው ከመርፌ ጋር ይሰጣል።

ስቴሮይድ፦ መርፌዎቹ በቂ ላልሆኑለት ወይም ሌላ ምክንያት ላለው ሰው ኦዙርዴክስ የሚባል ቀስ እያለ የሚሟሟ ትንሽ ዘንግ በዓይን ውስጥ ይቀመጣል። ለወራት ይሠራል። ሆኖም የዓይን ግፊትን ሊጨምርና ሞራን ሊያፋጥን ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

መጠበቅ፦ እብጠት ኖሮ እይታው ገና ጥሩ የሆነ ሰው ሁልጊዜ ወዲያው አይወጋም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመና 702 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ጥሩ እይታ የነበራቸው ሰዎች በቅርብ እየታዩ እይታቸው ሲቀንስ ብቻ ቢወጉም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወዲያው ከተወጉት የባሰ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ ሐኪሙ «እንጠብቅ» ቢልዎ ችላ ብሎዎት ላይሆን ይችላል። ግን መጠበቅ ማለት በቀጠሮ መታየት እንጂ ቤት መቀመጥ አይደለም።

መርፌ ብቻውን አይበቃም

ጣሪያው እያፈሰ ግድግዳውን ብቻ መጥረግ አያዋጣም። የዓይኑ ሕክምና እየተሰጠ ስኳሩና የደም ግፊቱ ካልተስተካከሉ ጉዳቱ ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመው፣ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ባለባቸው 1,441 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት ገና ያልተጎዳ ዓይናቸው የመጎዳት አደጋው በ76 ከመቶ ቀንሷል። በእንግሊዝ አገር ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ጥናት ደግሞ የደም ግፊትን በጥብቅ መቆጣጠር እይታ በሦስት መስመር የመቀነስን አደጋ በ47 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ የግፊት ኪኒንዎ ለዓይንዎም መድኃኒት ነው።

በዚህ ሳምንት ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። በቡናና በሻይ ውስጥ የሚጨምሩትን ስኳር ይቀንሱ። ለስላሳ መጠጥና ጭማቂን በውኃ ይተኩ። የጤፍ እንጀራም ቢሆን መጠኑን ይመጥኑ፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይጨምሩበት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር ይሂዱ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ይተዉት። «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን የደም ምርመራ ውጤት ቁጥር ይወቁ። ለብዙ ሰዎች ግቡ ወደ 7 መቅረብ ነው፤ ለእርስዎ የሚስማማውን ግን ሐኪምዎ ይወስናል።

ስለ ጾም አንድ ቃል፦ ለዮም ኪፑር፣ ለሲግድም ሆነ ለሌላ ጾም ከመጾምዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ኢንሱሊንም ሆነ ኪኒን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ።

በኩፓት ሆሊም ምን ብለው ይጠይቁ?

እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣውና ከጥር 1995 ጀምሮ በሚሠራው የጤና ዋስትና ሕግ መሠረት በእስራኤል የሚኖር ነዋሪ ሁሉ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም፣ ማለትም ከክላሊት፣ ከማካቢ፣ ከመኡሄደት ወይም ከለኡሚት በአንዱ የመታከም መብት አለው። አዲስ የመጣ ሰውም ቢሆን መብቱ ያው ነው። በርስዎ ሁኔታ የሚጠየቅ ክፍያ ካለ አስቀድመው በጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ።

ቋንቋው ገና ካልገባዎት እነዚህን ቃላት ይያዙ፦

— ሮፌ ሚሽፓሃ፦ የቤተሰብ ሐኪም። መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ እርሱ ነው።
— ሱካሬት፦ ስኳር በሽታ። «የሽ ሊ ሱካሬት» ማለት «ስኳር አለብኝ» ማለት ነው።
— ሮፌ ዔናይም፦ የዓይን ሐኪም።
— ቶር፦ ቀጠሮ፣ ተራ።
— ሃፍናያ፦ ወደ ሌላ ሐኪም የሚላክበት ወረቀት።
— ቶፌስ 17፦ ሆስፒታል ሲታከሙ ኩፓው እንደሚከፍል የሚያረጋግጥ ቅጽ። ያለ እርሱ ወደ ሆስፒታል ቀጠሮ አይሂዱ።
— ዝሪካ፦ መርፌ።
— ቲፖት፦ ጠብታ።

ቀጠሮው ከራቀብዎና እይታዎ እየቀነሰ ከሆነ ዝም ብለው አይጠብቁ። ወደ ቤተሰብ ሐኪምዎ ተመልሰው «ዓይኔ እየደበዘዘ ነው፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው» ይበሉ። «አስቸኳይ» በዕብራይስጥ «ዳሁፍ» ነው። በሃፍናያው ላይ ይህ ቃል እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።

አስተርጓሚ መጠየቅ አያሳፍርም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣውና ከ2013 ጀምሮ በሚሠራው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ ታዘዋል። ስለዚህ ወደ ክፍሉ ሲገቡ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ወይም በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ።

ለልጆችና ለቤተሰብ

እናንተ ዕብራይስጥ ቶሎ የለመዳችሁ ልጆች፣ ወላጆቻችሁን ማገዛችሁ ያስመሰግናችኋል። ነገር ግን የሐኪምን ቃል ማስተርጎም የዐሥር ዓመት ልጅ ሥራ አይደለም። አባት በልጁ ፊት ሕመሙን መናገር ያፍራል፤ ልጅም ከባድ ቃል ሲሰማ ይደነግጣል ወይም ቀንሶ ይናገራል። ትልልቆቹ ልጆች አብራችሁ ሂዱ፤ ማስተርጎሙን ግን ለሠለጠነ ሰው ተዉት።

ከዚያ ይልቅ ቤት ውስጥ የምትሠሩት ትልቅ ሥራ አለ። በግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ የመርፌውን ቀን በቀይ አክብቡ። ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት ቶፌስ 17 መኖሩን አረጋግጡ። ማን አብሮ እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አባታችሁ ወይም እናታችሁ ፊት መለየት ካቃታቸው፣ ቡና ሲቀዱ ከስኒው ውጪ ካፈሰሱ፣ ደረጃ ላይ ከተደናቀፉ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዓይኔ ጥሩ ያያል። ለምን እመረመራለሁ?
መልስ፦ እብጠቱ ማኩላው መሐል እስኪደርስ ድረስ ላይሰማዎት ይችላል። አስቀድሞ የተገኘ እብጠት ሲታከም ብርሃኑን ለማትረፍ ይቀልላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የጠፋው ብርሃን ይመለሳል?
መልስ፦ ለብዙዎች በከፊል ይመለሳል። እብጠቱ ለዓመታት ከቆየ ግን የሬቲናው ሕዋሳት ስለሚጎዱ የሞተውን መርፌው አያስነሳውም። ያለውን ግን ሊጠብቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ መርፌው ራሱ ያሳውራል የሚሉ አሉ።
መልስ፦ ከባድ ጉዳት በጣም አልፎ አልፎ ይደርሳል፤ ምልክቶቹንም ከላይ ዘርዝረናል። ያልታከመ እብጠት የሚያመጣው አደጋ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የአገር ቤት ቅጠል በዓይኔ ውስጥ ልጨምር?
መልስ፦ አይሆንም። እብጠቱ ከዓይን ኋላ ስለሆነ ቅጠሉ አይደርስበትም፤ የፊቱን ክፍል ግን ሊመርዝ ይችላል። የሚጠጡት መድኃኒት ካለም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አይደብቁ።

ውድ አንባቢ፣ ስኳር ካለብዎና ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ብሌንዎን በጠብታ አስፍቶ ያየዎት የዓይን ሐኪም ከሌለ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ኩፓት ሆሊም ደውለው «ቶር ለሮፌ ዔናይም፣ የሽ ሊ ሱካሬት» ይበሉ። መርፌ ጀምረው ያቋረጡ ከሆነም አይፈሩ፣ አይፈሩበትም፤ ሐኪሙ ስንት ጊዜ እንደቀሩ ከመቁጠር ይልቅ ዓይንዎን ማየት ነው የሚፈልገው። ዛሬውኑ ይደውሉና ሕክምናውን ከቆመበት ይቀጥሉ።